የቡችላው ጥርስና የልጄ እጅ

በደጋው አገር ውሻ ልጅነት የለውም። ዓይኑን ገልጦ እግሩ እንደጸና ሥራ ይጠብቀዋል፤ ከበግ ጋር ይውላል፣ ደጅ ያድራል፣ ሌሊት ጅብ ሲመጣ ይጮሃል። ከፋርጣ እስከ ላይ ጋይንት፣ ከእስቴ እስከ ጉና ተራራ ግርጌ ባለው አገር ገበሬው ቡችላ የሚያሳድገው ሊጫወትበት አይደለም። ለሕፃን መጫወቻ ይበጅለታል፤ ጥጃና ግልገል የሚቦርቁበት መስክ አላቸው፤ ቡችላ ግን ያገኘውን ያኝካል። ጫማ ሲያገኝ ጫማ፣ ገመድ ሲያገኝ ገመድ፣ የልጅ እጅ ሲያገኝ የልጅ እጅ።

ዛሬ ልጽፍ የወደድሁት ቡችላ ሊያኝከው ስለሚገባውና ስለማይገባው ነገር ነው። ጉዳዩ ለአንዳንድ አንባቢ ተራ፣ ምናልባትም ቅንጦት መስሎ ሊታይ ይችላል። «ሰው በኑሮ በሚጨነቅበት ዘመን ለውሻ መጫወቻ መምረጥ!» የሚል አይጠፋም። እናቴም ያለችኝ ይህንኑ ነበር። እኔ ግን ነገሩን ከቅንጦት ሳይሆን ከጥርስ እጀምረዋለሁ።

ቡችላ ሲወለድ ጥርስ የለውም። ከሦስተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ 28 የወተት ጥርሶች ያበቅላል፤ እንደ መርፌ የሾሉ ናቸው። አራተኛ ወሩን ሲይዝ እነዚህ መውደቅ ይጀምራሉ፤ ስድስት ወይም ሰባት ወር ሲሞላው በ42 ቋሚ ጥርሶች ተተክተው ያልቃሉ። በእነዚህ ወራት ድዱ ይቆጣል፣ ያሳክከዋል፤ ማኘክ ያስታግስለታል። ከዚህም ሌላ ቡችላ እጅ የለውምና ዓለምን የሚዳስሰው በአፉ ነው። ስለዚህ ያገኘውን ሁሉ መንከሱ የክፋት ምልክት አይደለም፤ የዕድሜው ሥራ ነው። ልንከለክለው አንችልም። የምንችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምን እንደሚነክስ መምረጥ።

ደብረ ታቦር ወዳለው ቤታችን ቡችላ የመጣው በታኅሣሥ ነው። አንድ የፋርጣ ዘመዳችን ሁለት ወር የሞላውን ቡላ ቡችላ በጋቢው ጠቅልሎ አምጥቶ ሰጠን። ስሙን እናቴ «መቻል» አለችው። ስሙ መቻል ይሁን እንጂ መቻል የነበረብን እኛ ነበርን። በአንድ ሳምንት ውስጥ የበር መጋረጃ፣ የባናውን ጠርዝና የእኔን ካልሲ ቀዳደደ። ይህ ሁሉ ምንም አልነበረም። በሁለተኛው ሳምንት የስድስት ዓመቷ ልጄ እጇን ይዛ እያለቀሰች ገባች። በአውራ ጣቷ ሥር ሁለት ቀጫጭን ጭረቶች ነበሩ፤ ከአንደኛው ደም ጠብ ይላል።

እናቴ ጭረቱን አይታ ቃል ሳትናገር ውሃና ሳሙና አመጣች። ልጅቷን ካጠበች በኋላ ነው ወደ እኔ የዞረችው። «ልጄ፣ የእብድ ውሻን ነገር አንተ በወሬ ነው የምታውቀው፤ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን ቡችላ ከዚህ ቤት አውጣልኝ» አለችኝ።

በዓይኗ ያየችውን ቀድሞም ነግራኛለች። በልጅነቷ፣ በጋይንት፣ የጎረቤታቸውን እረኛ ልጅ ውሻ ነከሰው። ቁስሉ ትንሽ ነበርና ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረው። ቁስሉ ከዳነ ከሳምንታት በኋላ ልጁ ውሃ ሲቀርብለት ይንዘፈዘፍ ጀመር። ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን አልቆየም። እናቴ ይህን ስትናገር እስከ ዛሬ የምትጨርሰው በአንድ ቃል ነው፤ «ጠምቶት ሞተ» ትላለች።

የእናቴ ፍርሃት የድንቁርና ፍርሃት አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ታማሚውን ማትረፍ አይቻልም ለማለት ጥቂት ይቀራል። ሉዊ ፓስተር ጆሴፍ ማይስተር የሚባለውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከትቦ ያዳነው እ.ኤ.አ. በ1885 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከ140 ዓመት በላይ አልፏል። ሆኖም በሽታው በእስያና በአፍሪካ፣ በእኛም አገር ጭምር፣ ዛሬም ይገድላል። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚሞቱት 100 ሰዎች 99ኙ የተያዙት ከውሻ ነው። በበሽታው ከሚጠረጠር እንስሳ ከተነከሱት 100 ሰዎች ደግሞ 40ዎቹ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጆች መሆናቸውን የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ ለ15 ደቂቃ ያህል በውሃና በሳሙና መታጠብ፣ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ስለ ክትባቱ መጠየቅ አለበት። እኛም ልጅቷን ይዘን ሄድን፤ የታዘዘላትንም ወሰደች።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልኝ እሻለሁ። ቡችላ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አብዛኛውን ጊዜ የሚወጋው ሦስት ወር ሲሞላው ነው። ጥርሱ እንደ መርፌ ሾሎ ያገኘውን ሁሉ የሚነክሰው ደግሞ ከሁለት ወር ጀምሮ ነው። እንግዲህ ገና ሳይከተብ የሚቆይባቸው ሳምንታትና ነክሶ የማይጠግብባቸው ሳምንታት አንድ ላይ ይወድቃሉ። በዚያ ክፍተት ውስጥ የምትገኘው የልጅ እጅ ናት። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚለው ተረት ለሌላ ነገር የተተረተ ቢሆንም፣ ለእኔ በእነዚያ ቀናት ትርጉሙ ይኸው ነበር።

ከእናቴ ጋር በሽምግልና ተስማማን። ቡችላው ይቆያል፤ ጥርሱ ግን ሁለተኛ የልጅቷን ገላ አይነካም። ለዚህም ጥርሱ ሌላ ሥራ ይሰጠዋል።

ሥራ መስጠቱ የተናገርሁትን ያህል ቀላል አልሆነም። ቤታችን ውስጥ የሚታኘክ ነገር ሞልቷል፤ አብዛኛው ግን ይጎዳል። አንድ በአንድ ልዘርዝር።

መጀመሪያ የሚታሰበው አጥንት ነው። ውሻና አጥንት በአሳባችን ውስጥ የማይለያዩ ናቸው። ነገር ግን የውሻው አጥንት የሚመጣው በእኛ ቀን መቁጠሪያ ነው። የሁዳዴ 55 ቀን አጥንት ከደጅ ይጠፋል፤ በፋሲካ ማግሥት ደግሞ ይዘንባል። የሚዘንበውም የተቀቀለ አጥንት ነው። አጥንት ሲበስል ይደርቃል፣ ሲሰበርም እንደ መስታወት ይሾላል፤ የዶሮ አጥንት ከሁሉ የከፋ ነው። 12 ብልት ሆና የተሠራችው ዶሮ አጥንቷ ላይ የቀረው ወጥ ደግሞ ሌላ ጠንቅ አለው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። ለእኛ የበዓል ማዕድ የሆነው ለቡችላው ጉሮሮም ደምም ጠላት ነው።

ጥሬ ከሆነስ? ጥሬው አጥንት የመሰንጠቅ ጠባዩ ያነሰ ቢሆንም ከእርዱ ጋር ሌላ ነገር ይከተላል። በግ ሲታረድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ፣ ፊኛ የሚመስል እባጭ ይገኛል። ባለቤቱ «ይህስ አይበላም» ብሎ ለውሻ ይወረውረዋል። በዚያ ውሃ ውስጥ ያለው የትል ዘር ነው፤ በውሻው አንጀት ውስጥ አድጎ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ትል ይሆናል። እንቁላሉ ከዐይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በሣሩ፣ በጸጉሩ፣ በልጅ ጣት በኩል ወደ ሰው ይገባል፤ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይም ያው የውሃ እባጭ ይበቅላል። እንዲህ ያለው ብልት ይቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር እንጂ ለውሻ አይሰጥ። የፋርጣ በግ በሚታረድበት ደጅ ሁሉ ይህ ቃል ቢሰማ እወዳለሁ።

ቀጥሎ ጫማ ነው። አሮጌ ኮንጎ ወይም በረባሶ ለቡችላ መጣል የተለመደ ነው። ቡችላ ግን አሮጌውን ከአዲሱ አይለይም፤ የሚማረው «ጫማ ይበላል» የሚለውን ነው። በረባሶ ደግሞ የመኪና ጎማ ነው። በላስቲኩ ውስጥ የናይለን ክር፣ አንዳንዴም ቀጭን ሽቦ ተሰግስጓል።

ክር ካልሁ ዘንድ ቃጫውን፣ የባናውን ጠርዝና ልጆች ለቡሄ የገመዱትን ጅራፍ ላንሣ። በስሟ በከተማችን ያለችው በዓል፣ ነሐሴ 13፣ ካለፈች በኋላ የተተወ ጅራፍ በየአጥሩ ጥግ ይገኛል። ቡችላ ረጅም ክር ሲውጥ አንደኛው ጫፍ ከላይ ይያዛል፤ አንጀቱ ሌላውን ጫፍ ወደ ታች ሊገፋ ሲታገል በክሩ ላይ እንደ ሱሪ መቀነት ይሸበሸባል፤ ክሩም አንጀቱን ሊቆርጠው ይችላል። ከክር ያልተናነሰ አደገኛው ደግሞ ማንም የማይጠረጥረው የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው። እሸት ተጠብሶ ተበልቶ የተጣለው ቆረቆንዳ በውሻ ሆድ ውስጥ አይፈጭም፤ ተጎርዶ ሲዋጥ አንጀት ይዘጋል። የኮክ ፍሬም እንዲሁ ነው። የሃይላንድ ክዳንና ፌስታልን መጥቀስ አያስፈልገኝም።

እንጨትስ? እዚህ ላይ የራሳችን እውቀት ረዳኝ። የእኛ ሰው መፋቂያ የሚቆርጠው ከማንኛውም ዛፍ አይደለም። እናቴ ወይራን ትመርጣለች። ከአጥር ያገኘችውን ቅንጭብ ግን ወደ አፏ አታቀርብም፤ ወተቱ ዓይን እንደሚያጠፋ ታውቃለች። እንግዲህ ሰው ለገዛ አፉ ያልመረጠውን እንጨት ለቡችላ አፍ ለምን ይመርጣል? የወይራ ጉማጅ፣ ወፍራም ሆኖ ልጡ ተልጦ ጫፎቹ በሞረድ ተድቦልቡለው፣ እኔ እያየሁት ለጥቂት ጊዜ እንዲያኝከው ሰጠሁት። ፍቅፋቂ ማውጣት ሲጀምር ወደ እሳት ገባ። የባሕር ዛፍ ጭራሮ ግን ከአፉ አስጣልሁት፤ ሲሰበር ይሾላልና።

ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ ሦስት ፈተናዎች ለራሴ አወጣሁ። የመጀመሪያው የጥፍር ፈተና ነው፤ ዕቃውን በአውራ ጣቴ ጥፍር ስጫነው ጥቂት ካልሰመጠልኝ ለወተት ጥርስ ጠንካራ ነው። ቀንድና ወፍራም የጭን አጥንት በዚህ ወደቁ፤ ትልቅ ውሻ እንኳ በእነርሱ ላይ መንጋጋ ጥርሱን ይሰነጥቃል። ሁለተኛው የአፍ ፈተና ነው፤ ዕቃው ሙሉ በሙሉ አፉ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ጉሮሮውን ሊዘጋ ይችላል፤ ቡችላው በየሳምንቱ ስለሚያድግ ትናንት ያለፈው ኳስ ዛሬ ሊወድቅ ይችላል። ሦስተኛው የቁራጭ ፈተና ነው፤ በእጄ ስጎትተው ክር፣ ቁልፍ ወይም ብጣሽ የሚለቅ ዕቃ በጥርሱም ይለቅለታልና አይሆንም።

ከፈተናዎቹ ያለፉት ጥቂት ናቸው። የመጀመሪያው የማያስከፍል ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የታኅሣሥና የጥር ሌሊቷ እንደ ማቀዝቀዣ ያገለግላል። ጠርዙ የማይተረተር ንጹሕ ጨርቅ በውሃ ነክሬ፣ ጠምዝዤ ቋጥሬ ውጭ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ሲነካ እጅ የሚያደነዝዝ ይሆናል። መቻል ያንን ሲያኝክ ድዱ እንደሚያርፍለት ከዓይኑ ይታወቅ ነበር። አልቆ ሲሞቅ ከእጁ እንወስደዋለን፤ ብቻውን ከጨርቅ ጋር አይተውም። ሁለተኛው ከጓሮ የተነቀለ ወፍራም ካሮት ነው፤ እርሱም እንዲሁ ውጭ ያድራል፤ እያጠረ ሲሄድ ግን በቀጭኑ ይከተፍለታል።

ሦስተኛውን ያገኘሁት ከባሕር ዳር ነው። አንድ ወዳጄ ለውሻ ተብሎ የተሠራ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ የላስቲክ ዕቃ ላከልኝ። የዚህ ዓይነቱ ዕቃ ታሪክ ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጆ ማርካም የሚባል አሜሪካዊ ፍሪትዝ የተባለው ውሻው ድንጋይ እያኘከ ጥርሱን ሲጨርስ አይቶ ይጨነቅ ነበር። አንድ ቀን የቮልስዋገን መኪናውን ሲጠግን የወረወረውን የላስቲክ ክፍል ውሻው አንሥቶ ይዞ አልለቅም አለ። ሰውየው ከዚያ ተነሥቶ ኮንግ የተባለውን የውሻ መጫወቻ ሠራ። ስሙ ከእኛው ኮንጎ ጫማ ጋር መቀራረቡ ሁልጊዜ ያስቀኛል። ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ ያ ሰው ያየው እኛም በየደጃፋችን የምናየውን ነበር፤ ማኘክ ያለበት እንስሳ የሚገባው ነገር ካላገኘ ድንጋይም ቢሆን ያኝካል።

በላስቲኩ ክፍት ውስጥ ጨውም በርበሬም ያልገባበት በሶ በውሃ ለውሰን እንጠቀጥቅለታለን። የጉና ግርጌ ገብስ ለውሻ መጫወቻ ቅመም ይሆናል ብሎ ማን ያስብ ነበር? መቻል ያንን ሲልስና ሲያኝክ ግማሽ ሰዓት ድምፁ አይሰማም።

ዕቃው ብቻውን ግን አያስተምርም። የሚያስተምረው እጅ ነው። ለልጄ እንዲህ ብዬ ነገርኋት፦ «ጥርሱ እጅሽን ሲነካ አትጩሂ፣ አትሩጪ፣ አትምቺው። ዝም ብለሽ ቁሚ፤ እኔን ጥሪኝ፤ ጨዋታው ያበቃል። ላስቲኩን ሲይዝ ጨዋታው ይጀምራል።» ዱላ ለምዶ ያደገ ውሻ የሰው እጅ ሲዘረጋ የሚጠብቀው ዱላ ነው፤ የሚፈራ ውሻ ደግሞ ይነክሳል። ልጄ ትምህርቱን ከእኔ ፈጥና ያዘችው። በሁለት ሳምንት ውስጥ መቻል እጇን ሲያይ ላስቲኩን ፍለጋ መሄድ ጀመረ። ሦስት ወር ሲሞላው ተከተበ፤ በየዓመቱም ይደገምለታል።

በሁዳዴ አጋማሽ ልጄ የመጀመሪያዋ የወተት ጥርሷ ወለቀ። እንደ አገሩ ልማድ ወደ ቤቱ ጣራ ወረወረችው። በዚያው ሳምንት እናቴ ስትጠርግ ሩዝ የምታህል ነጭ ጥርስ ከበሩ ሥር አገኘች። ጥላት እንደምታልፍ ጠብቄ ነበር። እርሷ ግን አንሥታ በመዳፏ ይዛ ጥቂት ካየቻት በኋላ ልጅቷን ጠርታ «ይህችም የጓደኛሽ ናት» ብላ ሰጠቻት። ጣራው ላይ ሁለት ጥርሶች አደሩ።

ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ ከማዕዱ የተነሣውን አጥንት የሰበሰበችው እናቴ ነበረች። በአሮጌ ሳህን አድርጋ ክዳን ገጠመችበት። ጎረቤታችን «ለውሻው አይሰጥም እንዴ?» ብለው ሲጠይቋት፣ «የለም፣ ይህ ይወጋዋል፤ እርሱ የራሱ አለው» አለቻቸው።

«የራሱ አለው» የምትለዋን ቃል ወደድኋት። በደጋው ያለ ውሻ ለዘመናት የሰውን በግ፣ የሰውን ደጅ፣ የሰውን እንቅልፍ ሲጠብቅ ኖሯል፤ የራሱ የሚባል ግን ከትርፍራፊ በቀር አልነበረውም። አንድ የቀዘቀዘ ጨርቅ፣ አንድ ካሮት፣ በበሶ የተሞላ አንድ የላስቲክ ቁራጭ ትልቅ ስጦታ አይደለም። ነገር ግን ቡችላው ጥርሱን የሚያሳርፍበት የራሱ ነገር ባገኘ ቀን የልጄ እጅ የራሷ ሆነ። ቡችላ ያላችሁ፣ ልጅም ያላችሁ ሁሉ፣ ዛሬ ማታ ደጃችሁን ዞር ዞር ብላችሁ እዩት፤ ውሻችሁ የሚያኝከው ምንድን ነው?